ይሰፋል

«መንገዱ ይሰፋል» አለ መሐንዲሱ፣ በወረዳው አዳራሽ።
እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቃሉ የሙያዬ መስሎኝ
ከኋላ ወንበር ቀና አልኩ፣
«በምን ክር?» ልል ምንም አልቀረኝ።

በሁለት ሺህ ሠላሳ ሁለት፣ አለ፣ ጠዋት ሥራ መግቢያ ላይ፣
በግንፍሌ ድልድይ፣ በአንዲት ሰዓት ውስጥ ብቻ
ሁለት ሺህ አራት መቶ መኪና ያልፋል።
ቀይ መስመር ግድግዳው ላይ ዳገት ወጣ፣
ወጣ፣ ወጣ፣ ጣሪያውን ሊነካ፤
ከሥሩ እንደ ተልባ የተበተንነው እኛ ነን፣
ጣራችን፣ ጉልታችን፣ የዕድሩ ድንኳን ማስቀመጫ።

አቶ ዘገየ ተነሱ፣ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዱት፤
ስማቸው እንጂ እሳቸው አንድ ቀን አልዘገዩም፣ እንደሚሉት።
«ልጄ፣ መቼ ነው የቆጠራችሁት?»
«ኅዳር አሥራ ሰባት፣ ሐሙስ።»
«ላይኛው መንገድ ለቧንቧ የተቆፈረ ለት?»
መሐንዲሱ ወረቀቱን አገላበጠ።
«የከተማው መኪና ሁሉ በጓሯችን ሲሾልክ ያየኸው ነዋ!
ልቅሶ ቤት የመጣውን ሕዝብ ቆጥረህ
የቤተሰብ ብዛት ብለህ ጻፍከው።»

እኛም ቆጥረን ነበር።
ወይዘሮ ትርፌ ከጉልታቸው ሽምብራ አመጡ፣
ሁለት የዘይት ጣሳ ድልድዩ ጫፍ አስቀመጡ፤
ለወጣ አንድ ፍሬ፣ ለወረደ አንድ ፍሬ።
ሞተር ሳይክል ሙሉ ነው ግማሽ? ክርክር ሆነ።
አሸዋ የጫነች አህያስ?
ናትናኤል ስንቱን ጥሬውን እንደቆረጠመ
እግዜር ይወቀው፤ ስሕተታችን እሱ ነው።
ቢሆንም አራት መቶ አሥራ ሁለት።
እግረኛ እንቁጠር ስንል ግን
ሽምብራው አለቀና ጠጠር ለቀምን፣
ጠጠሩም አለቀና ተውነው።
በእነሱ ሠንጠረዥ ውስጥ ለእግር ዓምድ የለም።

እጄን አወጣሁ። ሰው ፊት መናገር አልችልበትም፣
ሜትሩን ከአንገቴ ሳላወርድ መምጣቴንም ያወቅሁት ያኔ ነው።
«ልጄ፣ እኔም እተነብያለሁ።
መስከረም ሲቃረብ እናት ዩኒፎርም ልታሰፋ ትመጣለች፣
‹ያድጋል፣ ሰፋ አርገው› ትለኛለች።
ሰፋ አደርገዋለሁ። ግን ከግርጌው አራት ጣት አጥፋለሁ፤
ካደገ ይፈታል፣
ካላደገ ታጥፎ ይኖራል።
ያንተ መንገድ እጥፋቱ የት ነው?
ያልከው መኪና ቢቀር አስፋልቱን በየት በኩል እንጠፈው?
የትርፌን ጓዳ በየትኛው መርፌ እንመልሰው?
ደግሞ ልንገርህ፣
ወገቡን ሰፋ ያረግሁለት ሰው ሁሉ
በዓመቱ ሆድ አውጥቶ ነው የመጣው።»

አዳራሹ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።
የሆነ ነገር ጻፈ፣ ከሥሩ አሰመረበት።
ሰብሳቢዋ ሰዓቷን አየችና
«አስተያየታችሁ ተመዝግቧል» አለች፣
«ቆጠራ አለን የምትሉት ደግሞ በጽሑፍ ይቅረብ።»

ጣሳዎቹን ታቅፈን ወጣን። ጨለማ ነበር።
ደጄ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈብኝን ቁጥር
በእጄ ዳበስኩት፤ አይለቅም።
ወይዘሮ ትርፌ ማስረጃችንን ያን ሌሊት ነከሩት፣
ጠዋት ቀቅለው ለጎረቤት አዞሩት።
«ንፍሮ ለልቅሶ አይደል?» አለች አንዷ።
«ማን ሞተና?» አሉ አቶ ዘገየ፣ እየዘገኑ።
ማንም አልመለሰም።
እኔ አንዷ ፍሬ ጥርሴ ላይ ጠነከረችብኝ፣
አልበሰለችም፤
ያ ውሃ የሚያመላልሰው ቦቴ ሳይሆን አይቀርም።